የገና አበባ ወተት

«ያዢው፣ ያዢው፤ ወተቱ እንዳይነካሽ» አለች እስከዳር በርጩማው ላይ እንደቆመች።

ከቆርቆሮው አጥር በላይ የተንዠረገገውን ቅርንጫፍ በአንድ እጇ ወደ ራሷ ጎትታ በሌላው በቢላ ቆረጠችው። ቁርጡ ላይ ነጭ ወተት ወዲያው ችፍ ብሎ ይንጠባጠብ ጀመር። ከታች የቆመችው ሄቨን በግራ እጇ ስልኳን ይዛ እየቀረጸች በቀኝ እጇ ቅርንጫፉን ተቀበለቻት።

«ስታምር በናትሽ። ይሄ ሁሉ ግቢሽ ውስጥ እያለ እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ምኑ ይነገራል? እዚህ አገር በየአጥሩ ያለ ነው።»

አፏ እንዲያ ይበል እንጂ ልቧ ሞቆ ነበር። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ኅዳር ሲገባ ግን ጫፍ ጫፉ መቅላት ይጀምርና ታኅሣሥ ሲጋመስ አጥሩ በሙሉ በቀይ ይሸፈናል። እነ እስከዳር ቤት የገና አበባ ነው የሚሉት።

ነገ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የገና ዝግጅት አላቸው። ወላጆች ተጠርተዋል። የክፍል ኃላፊያቸው መምህር እጅጉ ጌጡን ለሁለቱ ሰጥተዋቸው ነበር። ሄቨን አባቷ በሥራ ተዛውረው ዘንድሮ ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣች ልጅ ናት። ከመስከረም ጀምሮ ከእስከዳር ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ቤቷ ስትመጣ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እስከዳር ከጠዋት ጀምራ ግቢውን ጠርጋ፣ ውሃ ረጭታ፣ እንደገና ጠርጋ ነበር የጠበቀቻት።

በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፈው እቃቸውን ዘረገፉ። የጥድ ቅጠል፣ ክር፣ ባዶ የማር ጣሳዎች፣ እስከዳር ከአጥር ላይ ስባ ያመጣችው ሐረግ። ሐረጉን እንደ ቀለበት ጠምዝዘው ዙሪያውን ጥድ ሊያስሩበት፣ ከዚያ ቀዩን ሊሰኩበት ነው። ሄቨን ከቦርሳዋ ብርማ ሪባንና አንድ ጥቅል ጥጥ አወጣች።

«ጥጡ ለምንድን ነው?»

«በረዶ ነዋ። ቪዲዮው ላይ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት።»

«በዚህ ፀሐይ በረዶ?»

ሁለቱም ሳቁ። እስከዳር አንዱን ቅርንጫፍ አንስታ አሳየቻት። «ደግሞ ቀዩ እኮ አበባው አይደለም፤ ቅጠሉ ነው። አበባው መሀል ላይ ያለችው ቢጫዋ ናት።»

«ውሸትሽን ነው።»

«እናቴን ጠይቂያት። አሁን ሙቅ ውሃ ያስፈልገናል። ቁርጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልነከርነው ወተቱ እየፈሰሰ እስከ ነገ ጠውልጎ ያድራል።»

ይህን ስትል ከጓሮ ካለው ማድቤት አክስቷ ደጊቱ የፈላ ውሃ በድስት ይዘው ብቅ አሉ። ደጊቱ የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው። የእስከዳር እናት ህይወት በቅርቡ ወንድ ልጅ ስለወለደች አራሷን ሊያርሱ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ማዶ ካለው መንደራቸው መጥተው፣ ገንፎውንም እጥበቱንም እሳቸው ይዘውታል። ጉልበቱ ላይ የነጣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው አስረዋል። ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ ድርብርብ ንቅሳት አለ። እግራቸው ላይ የላስቲክ ጫማ።

ሄቨን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ አጎነበሰች። «እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ልጄ። እንኳን ደኅና መጣሽ» አሉ ደጊቱ። ድስቱን በረንዳው ጫፍ ላይ አስቀመጡና ሳፋ ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ።

ሄቨን ወደ እስከዳር ጠጋ አለች። «ማን ናቸው? አያትሽ ናቸው?»

እስከዳር አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል ነበር ከቋሪት ወደዚህ የመጣችው። እናቷ ነርስነት ስትማር ያሳደጓት ደጊቱ ናቸው። ትምህርት ቤት በገባች ሰሞን አፏን በከፈተች ቁጥር ልጆች ይስቁባት ነበር፤ «ባላገሯ» ይሏት ነበር። ያንን አነጋገር ከአፏ ለማውጣት ስንት ጊዜ ለብቻዋ እንደተለማመደች እሷ ናት የምታውቀው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያነብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ሄቨንም ስቃለች። በክፋት አልነበረም፤ ግን ስቃለች። እስከዳርም አብራ ስቃለች።

«ሠራተኛችን ናት» አለች።

ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚደግፈው ሌላ ቃል ጨመረችበት። «እናቴ ስለወለደች ለጊዜው የመጣች ናት።»

የበሩ መጋረጃ ተነቃነቀ። ደጊቱ ሳፋውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። መቼ እንደቆሙ እስከዳር አታውቅም። ፊታቸው ላይ ምንም የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«የት ላስቀምጠው?» አሉ፣ ማንን እንደሚጠይቁ ሳይለይ።

እስከዳር አክስቷን በሕይወቷ «አንቺ» ብላ አታውቅም። «እታለም» ነው የምትላቸው፤ ስትጠራቸውም ስትመልስላቸውም በእርስዎ ነው። አሁን ግን ሄቨን እያየቻት ነበር። ሠራተኛን እርስዎ የሚል ማን አለ?

«እዚያ ጋ አስቀምጪው» አለች።

ደጊቱ «እሺ» አሉ። ሳፋውን አስቀመጡ፤ ውሃውን ገለበጡበት። ሌላ ጊዜ «እስኩዬ» ይሏት ነበር፤ አሁን አላሉም።

ሥራው ቀጠለ። ቅርንጫፎቹን እያነሱ ቁርጣቸውን ሙቁ ውሃ ውስጥ ነከሩ፤ ጥዱን በክር አሰሩ። ሄቨን ብዙ ታወራ ነበር። እስከዳር ግማሹን አልሰማችም። የመጀመሪያው ቀለበት አምሮ አለቀ፤ ሁለተኛው ላይ ሄቨን አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ላይ ስታነሣ ወተቱ ነጭ ጫማዋ ላይ ተንጠባጠበ። በእጇ ስትጠርገው ተለደፈና አቧራ ይዞ ጠቆረ።

«ወይኔ ጫማዬ። ትናንት ነው የተገዛልኝ፤ እናቴ ትገድለኛለች።» ዙሪያዋን አየች። ደጊቱ የሕፃኑን ጨርቅ ለማጠብ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሄቨን ወደ እስከዳር ዞረች። «ስሟ ማነው?»

«ደጊቱ።»

«ደጊቱ፣ ይቅርታ፣ ይሄን ታጥቢልኛለሽ?»

ቅድም አጎንብሳ «እንደምን ዋሉ» ያለችው ይህችው ልጅ ናት። አንቺ ማለቱን ያስተማረቻት እስከዳር ራሷ ናት።

«ምን ገዶኝ? አምጭው» አሉ ደጊቱ።

ሄቨን በባዶ እግሯ ሄዳ ጫማውን ሰጠቻቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ደጊቱ ሳሙና ቀብተው በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ያሹት ጀመር። ሄቨን ጨዋታ ፈለገች።

«ልጆች አሉሽ?»

«የወለድሁት የለኝም። ያሳደግኋት ግን አለችኝ።»

«የት ናት?»

«ከተማ ናት። ትማራለች።»

«ትጠይቅሻለች?»

ደጊቱ ጫማው ላይ ውሃ አፈሰሱ፤ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ቀና ብለው ወደ በረንዳው አላዩም።

«ጎበዝ ተማሪ ናት ይላሉ» አሉ። «ትምህርት ሲበዛ ለሌላው ጊዜ ያጥራል።»

በረንዳው ላይ እስከዳር ክሩን አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ትጠመጥም ነበር። ደጋግማ እዚያው ቦታ ላይ ስትጠመጥም ቅርንጫፉ ተቆርጦ ወደቀ።

ሄቨን ከሄደች በኋላ ማምሻውን ሁሉም አራሷ ክፍል ተሰበሰቡ። ሕፃኑ እናቱ ደረት ላይ ተኝቷል። የእስከዳር አባት አምላኩ ለሥልጠና ቡሬ ሄዷል፤ ለገና ዋዜማ ነው የሚመለሰው። ቀለበቶቹና ጣሳዎቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ እናቷ እያየች ትገረማለች።

«ነገ ታዲያ ማን ይሂድልሽ? ወላጅ አምጡ ተብላችኋል አይደል?» አለች እናቷ። ወዲያው ራሷ መለሰችው። «እቴ ትሂድልሽ። ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው የሚገባው።»

ደጊቱ ገንፎውን በየሳህኑ እያወጡ ነበር። «እኔ ከሰው መሀል ገብቼ ምን እሆናለሁ? እግሬንም አሞኛል።»

«ጠዋት ገበያ ደርሰሽ የመጣሽበት እግር?»

«ያኔ ነው ያመመኝ።»

ይህን ብለው ለአፍታ ወደ እስከዳር አዩ። ቁጣ አልነበረበትም። አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ነበር አስተያየታቸው። «ኧረ ይምጡልኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ሦስት ቃል አትሞላም። እስከዳር ግን አዳራሹን አሰበች፤ ሄቨንን አሰበች፤ ሠራተኛ ናት ያለቻት ሴት ወላጆች ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየቻት።

«ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ምን ችግር አለው» አለች፣ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ።

የበረንዳው ውሸት ሳታስበው ነበር የወጣው። ይህኛውን ግን አስባበት ነው የተናገረችው፤ ያውም ጊዜ ተሰጥቷት። ደጊቱ ገንፎዋ ላይ ሌላ ቅቤ ጨመሩላትና ወጡ።

በማግሥቱ አዳራሹ አማረ። ትልቁ ቀለበት መድረኩ ላይ ተሰቀለ፤ ጣሳዎቹ በየጠረጴዛው ላይ ቆሙ። ቅጠሎቹ አልጠወለጉም ነበር። መምህር እጅጉ እየዞሩ «ይሄ በእጅ የተሠራ ነው?» እያሉ ለየመምህሩ አሳዩ። እያንዳንዱ ተማሪ ለመጣለት ወላጅ የሚሰጠው አንዳንድ ዘለላ ቀይ ተለይቶ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። እስከዳርም የራሷን ዘለላ ወሰደች። ለማን እንደምትሰጠው ግን አላወቀችም።

ሄቨን እናቷን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ያምሮት ፈገግታ የማይለያቸው ሴት ናቸው።

«እስከዳር አንቺ ነሽ? እጃችሁ እንዴት የተባረከ ነው» አሉና ሳሟት። «እናትሽ እንኳን ማርያም ማረቻት። ለገና መጥቼ እጠይቃታለሁ፤ ሄቨን ቤታችሁን ታሳየኛለች።»

«እሺ፤ ደስ ይላታል።»

«ሌላም ጉዳይ አለኝ። ያቺን ሠራተኛችሁን ሄቨን አሞገሰችልኝ። ጫማውን እዪው፣ አዲስ አደረገችው። እኔ ደግሞ ከመጣን ጀምሮ ሰው አጥቼ ተቸግሬአለሁ። እናትሽ ከአራስ ቤት ስትወጣ እኛ ጋ ብትገባ ምን ይመስልሻል? ራሷን ላነጋግራት ብዬ ነው።»

ሄቨን ነጩን ጫማዋን ወደ ፊት ዘርግታ አሳየች።

እስከዳር ምላሷ ላይ የመጣው ሌላ ውሸት ነበር። ‹ከገና በኋላ አገሯ ትመለሳለች› ማለት። ግማሹ እውነት ነበር። ማንም አይጠረጥርም፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አፏን ከፈተች። ከዚያ ወይዘሮ ያምሮት ለገና በረንዳቸው ላይ ቆመው «ስንት ይከፍሉሽ ነበር?» ሲሉ፣ እታለም ደግሞ መሬት እያዩ ሲሰሙ ታያት። እሳቸው ያኔም ውሸቷን ደብቀውላት ጸጥ ብለው ነው የሚሰሙት። በዚያ እርግጠኛ ነበረች።

«ሠራተኛ አይደሉም» አለች። ድምፅዋ ከራሷ ጆሮ እንኳ በደንብ አልደረሰም፤ ደገመችው። «ሠራተኛ አይደሉም። አክስቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ እህት። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

ወይዘሮ ያምሮት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታዲያ አንቺ…»

የሄቨን ዓይን ጫማዋ ላይ ነበር።

«ያጠቡልኝ እኮ እሳቸው ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «አጠገቤ ሆነሽ ዝም አልሽ። ልጅ አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ያሳደግኋት አለች አሉኝ… አንቺን ነበር።»

«አዎ።»

«አንቺ እያልኩ አዘዝኳቸው እኮ። እኔን ምን አድርገሽ ነው የምታይኝ? እውነቱን ብትነግሪኝ ምን እላለሁ ብለሽ ነው?»

እስከዳር የክፍሉን ሳቅ ልትጠቅስ ፈለገች። ግን ያኔ እሷም ስቃለች። «አላውቅም» አለች። ውሸት አልነበረም፤ መልስም አልነበረም።

ሄቨን ወንበሯን አንሥታ በእናቷ ማዶ አስቀመጠች። ወይዘሮ ያምሮት የእስከዳርን ትከሻ ነካ አድርገው ተቀመጡ። እስከዳር ዘለላዋን ወላጆች በሚቀመጡበት አንድ ባዶ ወንበር ላይ አኖረችና ወደ መምህር እጅጉ ሄደች።

«ቲቸር፣ የሚመጣልኝን ሰው ላምጣ። ቤቴ ቅርብ ነው።»

«ልንጀምር እኮ ነው።»

«ቢጀመርም እደርሳለሁ።»

ደጊቱ ግቢው ውስጥ የሕፃኑን ጨርቅ ገመድ ላይ እያሰጡ ነበር። ሲያዩዋት እጃቸው ቆመ።

«ምነው፣ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው። «እታለም፣ ትናንት ያልኩትን ሰምተዋል» አለች።

ደጊቱ አንዱን ጨርቅ ጨመቁት። «ሰምቻለሁ።»

«ለሄቨን ነገርኳት። ለእናቷም።»

«ለእናትሽ ግን አሁን እንዳትነግሪያት። አራስ ናት፤ ታዝናለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አሁንም ለእሷ ሲደብቁላት። ከተቆጧት ይልቅ ይህ ባሰባት። «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ደጊቱ ጨርቁን ገመዱ ላይ ዘረጉት፣ ጠርዙን አስተካከሉት።

«ሠራተኛ መባሉ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ሥራማ ስሠራ ነው የኖርሁ። ‹አስቀምጪው› ስትይኝ ግን ድምፅሽን አላወቅሁትም። ይች ደግሞ የማን ልጅ ናት አልሁ።» እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ። «ይቅር እልሻለሁ። አንችን ይቅር ሳልል የት እገባለሁ? ግን ልቤ ገና ነው። እሱን ልዋሽሽ አልችልም።»

እስከዳር ራሷን ነቀነቀች። እቅፍ ያደርጉኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላደረጉም። እንደማይገባትም ታውቃለች።

«ይምጡልኝ» አለች።

«ወዴት?»

«ትምህርት ቤት። ወላጆች የሚቀመጡበት።»

ደጊቱ ሳሙና የነካውን ቀሚሳቸውን ወደ ታች አዩት። «እንዲህ ሆኜ?»

«እንዲህ ሆነው።»

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ተሰማ። «ሂጅላት እቴ፣ እኔ ደኅና ነኝ። ሕፃኑም ተኝቷል።»

ደጊቱ እግራቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። ከእስከዳር ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ነበር የሚራመዱት፤ አብራቸው ለመሆን ፍጥነቷን ብትቀንስ እሳቸውም ቀነሱ። ኮብልስቶኑ ላይ የላስቲክ ጫማቸው ሲንኳኳ ይሰማል። አንድ የክፍሏ ልጅ በባጃጅ ሲያልፍ እጁን አውለበለበላት። እስከዳር ቆመች፤ አክስቷ ደርሰው ጎኗ እስኪሆኑ ጠበቀች፤ ከዚያ አብረው ሄዱ።

ሲደርሱ ዝግጅቱ ተጀምሮ ነበር። አዳራሹ ሁለት በር አለው። የኋለኛው ክፍት ነው፤ ያረፈደ ሰው በዚያ እየሾለከ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። የፊተኛው በመድረኩ ጎን ስለሆነ በዚያ የገባን ሰው አዳራሹ በሙሉ ያየዋል።

ደጊቱ ወደ ኋለኛው በር ዞሩ። «እኔ እዚህ እቆማለሁ። አንች በዚያ ግቢ።»

እስከዳር እጃቸውን ያዘች። ከእጥበቱ የተነሣ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ፊተኛው በር ወሰደቻቸውና ገፋችው፤ በሩ ሲንቋቋ መድረኩ ላይ ግጥም ታነብ የነበረችው ልጅ ዝም አለች። ፊቶች በሙሉ ወደ እነሱ ዞሩ። እስከዳር ፊቷ እስከ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። በሩን እንደያዘች ገለል ብላ አክስቷን አስቀደመች።